ጠራ ወይ?

አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ዘንግ በሁለት እጁ ይዟል። ሌላው በር ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ከመስተዋቱ አይነቅልም። «ጠራ ወይ?» ይላል ከላይ ያለው። በር ላይ ያለው ይቀበልና «ጠራ ወይ?» ብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። «አልጠራም! ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ በዛ፣ መልሰው! እ... ጠራ! ጠራ! ተወው፣ እንዳትነካው!»

የእኔ ዘመን ሰው ሆኖ ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። አገናም ሆነ ወልቂጤ፣ ቡታጅራም ሆነ አዲስ አበባ ነገሩ አንድ ነበር። ዲሽና ሬሲቨር መጥቶ ልጆቻችን ጣሪያ መውጣቱን አያውቁትም እንጂ፣ እኔ ስለ ጥራት ትልቁን ትምህርት የተማርኩት እዚያ ነው። ሥዕሉ በነጭ ነጠብጣብ ተወርሮ ሲንቀጠቀጥ፣ ጨርቅ አንሥቶ የቴሌቪዥኑን መስተዋት የወለወለ ሰው አላየሁም። ነጠብጣቡ የሚታየው መስተዋቱ ላይ ቢሆንም የመጣው ከዚያ እንዳልሆነ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃል። ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ዛሬ ስለ አንድ የቪዲዮ ካሴት ላጫውታችሁ። እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ከዘለቃችሁ ከጨዋታው ጋር ሙያም ታገኛላችሁ፤ ምናልባትም ለራሳችሁ ኑሮ የሚሆን ነገር።

ቀኑ ሰኞ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አጎቴ መርካቶ ውስጥ ይነግዱ ነበር። እንደ ጉራጌ ልጅ ሁሉ ዓመቱን ሠርተው ለመስቀል አገራቸው አገና ይገባሉ። በዚያ ዓመት ግን በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ገና አዲስ አበባ ነበሩ። ያቆያቸው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። የሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ የሚሮጠው በዚያ ቀን ነበር፤ እዚያ ማታ፣ እኛ ጋ ቀን። አጎቴ ሱቁን ዘጉ፣ አዲስ ካሴት ከላስቲኩ አውጥተው ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ከተቱ፣ ኢቴቪ ያሳየውን ቀዱ። በማግስቱ ካሴቱን በጋቢ ጠቅልለው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ሩጫውን ያየ አይረሳውም። በመጨረሻው ዙር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ተፈተለከ። ኃይሌ ተከተለው። ቀጥታው ላይ ሲገቡ ቴርጋት ፊት ነው፤ ኃይሌ ጥርሱን ነክሶ ከጎኑ ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ ከመስመሩ አፋፍ ላይ አለፈው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ሆኖ ነሐሱን ወሰደ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ሲድኒ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የተለያዩት በ12 መቶኛ ነበር። 25 ዙር ሙሉ ተሮጦ፣ ከ100 ሜትር ሩጫ በጠበበች ልዩነት አሸነፈ ማለት ነው።

ያን መስቀል አገና ዴክ ያለበት ቤት ውስጥ የነበረውን ሕዝብ ልንገራችሁ ብል ቦታ አይበቃኝም። ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው ትኩስ ትኩሱን ይቀርባል፤ የሚጎርሰውም የሚያጎርሰውም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ኃይሌ መስመሩን ሲያልፍ ቤቱ ይናጋል። ጩኸቱ በረድ ሲል ከጥግ አንድ ሽማግሌ «አጠንጥነው!» ይላሉ። ይጠነጠናል። እንደገና። እስከ ሌሊት።

ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኃይሌ፣ እንዳይነካ» የሚለው የአጎቴ ጽሕፈት አሁንም ይነበባል። የምድጃ ጢስ ይሸታል። በፕላስቲኩ መስኮት አሻግሬ ሳየው የተጠመጠመው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። አገና ያለችበት የእዣ ደጋ አየር ለእንሰት ይመቻል፤ ለካሴት ክር ግን እርጥበቱ ጠላት ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬን አልደብቃችሁም፤ ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነውና። ያገኘሁትን ዴክ፣ ያገኘሁትን ገመድ ሰካሁና ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩት። የወጣው ነገር ያሳዝናል። ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ ከታች የሚርገበገብ ጭረት፣ የመሙ ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ ይዋኛል፣ መኻል ለመኻል ጥቁር ጥላ ቀስ እያለ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ በጅምላ ኖይዝ ይሉታል፤ እኔ ረብሻ ልበለው። ኮምፒውተሩ ላይ ረብሻ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ ብለውኝ ነበርና ከፈትኩት። መጠኑን የሚጨምረውን ቁልፍ ይዤ እስከ ጥግ ገፋሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ።

ጠዋት ሳየው ነጠብጣቡ የለም። ደስታዬ ግን ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። የኃይሌ ፊት እንደ ሻማ ሰም ለስልሶ መስመር አልባ ሆኗል። ተመልካቹ በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ መስሏል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። መስመሩ ላይ ሁለት ሰው የለም! ኃይሌና ቴርጋት ተቀላቅለው ባለ አራት እጅ አንድ ጥላ ሆነዋል። ቤቱን ሲያናጋ የነበረው ድል ከቪዲዮው ውስጥ ጠፍቷል።

ለምን እንደጠፋ ለማወቅ ቁጭ ብዬ ማስላት ነበረብኝ፤ ስሌቱን ስጨርስ ደግሞ አመለካከቴ ተለወጠ።

የእኛ ቴሌቪዥን ፓል የሚባለውን ሥርዓት ነው የተከተለው፤ አውስትራሊያም እንደ እኛው ፓል ነበረች። በፓል በአንድ ሰከንድ 25 ሥዕል፣ ማለትም 25 ፍሬም ይታያል። አንዱ ፍሬም የ4 መቶኛ ሰከንድ ዕድሜ አለው ማለት ነው። የኃይሌ ድል 9 መቶኛ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ ውስጥ ድሉ ያለበት ቦታ ሁለት ፍሬም ከትንሽ ነው። ሁለት ሥዕል! ረብሻ የሚያጠፋው ፕሮግራም ደግሞ የሚሠራው ጎን ለጎን ያሉ ፍሬሞችን አነጻጽሮ አማካያቸውን በመውሰድ ነው። ነጠብጣቡ በየፍሬሙ ቦታውን ስለሚቀያይር በአማካዩ ይደበዝዛል፤ ያልተንቀሳቀሰው ነገር ይቀራል። የአራት ፍሬም አማካይ ብትወስዱ ረብሻው በግማሽ ይቀንሳል። ወደ ሩብ ላውርደው ካላችሁ አራት አይበቃም፣ 16 ፍሬም ያስፈልጋል። እየጨመራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ዋጋው ይበዛል፣ ትርፉ ያንሳል። አራት ፍሬም 16 መቶኛ ሰከንድ ይሸፍናል። ድሉ ግን 9 መቶኛ ናት። እኔ ረብሻ ሳጠፋ ድሉንም በአማካዩ ውስጥ አብሬ አጥፍቼዋለሁ።

መስተዋቱን ስወለውል ነው ያደርኩት ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይህ ነገር ካሴት ላይ ብቻ አይደለምና። የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳው አጥርቶ የማይታየው ልጅ አውቃለሁ። ውጤቱ ሲወርድ ሌሊት ማጥናት ጀመረ። ሌሊቱን ጨመረ፣ እንቅልፉን ቀነሰ፣ ውጤቱ ባሰ። አንድ መምህሩ ወደ ፊት አስቀመጡትና ዓይኑን እንዲመረመር ላኩት። መነጽር ብቻ ነበር የጎደለው። የዚያ ልጅ ትጋት ውሸት አልነበረም፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ የፈሰሰ ትጋት ነበር። ስንቶቻችን ነን ከመስተዋቱ ጋር ስንታገል የምናድረው! ወዳጆቼ፣ የሚታየው ጉድለት ሁልጊዜ ከሚታይበት ቦታ አይነሣም። ወደ ምንጩ መውጣት ያደክማል፣ ጣሪያው ያንሸራትታል፤ ግን ትንሽ ወደ ግራ ብትሉት መላው ቤት ይጠራል።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን ከካሴቱ።

ሻጋታ ያለበትን ካሴት እንዳለ ዴክ ውስጥ መክተት ሁለት ጥፋት ነው፤ ክሩንም ይጭረዋል፣ ዴኩንም ይበክለዋል። ስለዚህ ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ አቆየሁት እንጂ ፀሐይ ላይ አላሰጣሁትም። ዱቄቱን በጥንቃቄ ካስጠረግሁ በኋላ ክሩን ሳላጫውት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አጠንጥኜ መለስኩት፤ ለዓመታት በአንድ ወገን የተጣበቀው ጥምጥም እንዲላቀቅና ውጥረቱ እኩል እንዲሆን። ከካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ደግሞ አለመሰበሯን አይቼ ሰበርኳት። እሷ ከሌለች ዴኩ በላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ካሴት ዛሬውኑ እዩት፤ የሠርግ ካሴት ላይ ኳስ ጨዋታ የተቀዳበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ዴኩ። ወልቂጤ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ክዳኑን ፈቱና ውስጡን አሳዩኝ። መኻል ላይ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ትንሽ የሚያብረቀርቅ ከበሮ አለ፤ ትንሽ ጋደል ብሏል። «ሥዕሉ የሚነበበው በዚህ ነው» አሉኝ። በጎንና በጎኑ ሁለት ሄዶች አሉት፤ በዓይን በጭንቅ የሚለዩ ጫፎች። ከበሮው በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር አንዱ ሄድ ግማሹን ሥዕል፣ ሌላው ቀሪውን ግማሽ ያነባል። አንዱ ቢቆሽሽ ግማሹ ሥዕል ሁልጊዜ በረዶ ነው።

ነጭ ለስላሳ ወረቀት ቆርጠው በአልኮል ነከሩ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ልፈትግ ስል እጄን ያዙኝ። «አይ! ሄዱን ብትፈትገው ተቀንጥሶ ይቀራል። ወረቀቱን አታንቀሳቅሰው። አስጠግተህ ያዝ፣ ከበሮውን አዙረው።» ራሳቸው ወረቀቱን በአንድ ጣት ጫን አድርገው ከበሮው ላይ አስጠጉ፣ በሌላው እጃቸው የከበሮውን አናት ቀስ አድርገው አዞሩት። ሦስት ዙር። ወረቀቱን ሲያነሡት እንደ እርሳስ የጠቆረ ቀጭን መስመር ወጥቶበታል። በሌላ ወረቀት ደገሙት፣ መስመሩ ሳሳ። በሦስተኛው ንጹሕ ወጣ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠራው ይህ ነው» አሉኝና ወረቀቱን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እስካሁን ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አለ።

ካሴቱን ስናስገባ ትራኪንግ የሚባለውን የንባብ መስመር እያዩ አስተካከሉ፤ ከታች የሚርገበገበው ጭረት ወደ ጠርዝ ሸሸ። ኮምፒውተር ገና አልነካንም። ግማሹ ረብሻ ግን ሄዷል።

ገመዱ ቀረ። የእኔ ቢጫ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ በአጭርና በወፍራም ቀየርኩት። ቀስ እያለ የሚወጣው ጥቁር ጥላ ግን አልለቀቀም። ብዙ ቀን ታገለኝ። በመጨረሻ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅዬ በባትሪ ሳሠራው ጥላው ጠፋ። ከመብራት መስመሩ በቻርጀሩ በኩል እየዞረ የሚገባ ሁካታ ነበር። አያችሁ? ያን ጥላ በፕሮግራም ላጥፋው ብል ኖሮ ወር ይፈጅብኝ ነበር፤ መድኃኒቱ አንድ ሶኬት መንቀል ሆነ። ጉራጌ መንገድ ሲያስፈልገው ከኪሱ አዋጥቶ የሠራ ሕዝብ ነው። መንገዱን ከመጥረጉ በፊት ግን ወጥቶ ያየው ነገር ውኃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ውኃውን ሳያስቀይስ መንገድ የሚሠራ ሰው በየክረምቱ ይጠግናል።

ስገለብጠው ደግሞ ሌላ ስስት ያዘኝ፤ የሃርድ ዲስክ ስስት። ምስሉን ገና ሲገባ አጥብቆ የሚጨምቅ አሠራር ብትመርጡ ፋይሉ ያንሳል፤ ግን ጨማቂው ረብሻውንና ሥዕሉን መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ቆራርጦ ካሬ ካሬ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠራ ነገር የለም። ስለዚህ ቨርቹዋልደብ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ሃፍዩቭ በሚባለው ምንም በማያጎድል አሠራር ገለበጥኩት፤ ስፋቱ 720 በ576። ለአንድ ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋ ባይት ይበላል። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ፍላሽ አይበቃውም፣ ሃርድ ዲስክ መዋስ ሊኖርባችሁ ይችላል። ተዋሱ። ይህን ዋናውን ቅጂ እስከ መጨረሻው አታጥፉት፤ ነገ ከእኛ የተሻለ የሚያጠራ ልጅ ይመጣል፣ እሱ የሚጀምርበት ነገር ይፈልጋል። ብርሃኑንም ከመገልበጣችሁ በፊት አስተካክሉ፤ ሲገባ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ማሊያ ውስጥ በኋላ ምንም ዝርዝር አታገኙም።

አሁን ነው የፕሮግራሙ ተራ። ያቺን እስከ ጥግ የገፋኋትን ቁልፍ እንዴት እንደያዝኳት ልንገራችሁ።

እያንዳንዱ የፓል ፍሬም በውስጡ ሁለት ግማሽ ሥዕል አለው፤ አንዱ ሙሉ ቁጥር መስመሮችን፣ ሌላው ጎደሎዎቹን ይይዛል። ፊልድ ይባላሉ። እነዚህ ግማሾች በአንድ ቅጽበት የተነሡ አይደሉም፣ በ2 መቶኛ ሰከንድ ይለያያሉ። ኮምፒውተር ላይ አብረው ሲታዩ ነው የሯጩ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሆነው። ሰነፉ መፍትሔ አንዱን ግማሽ መጣል ነው። የደከመበት ሰው ግን ሁለቱንም ግማሾች ወደ ሙሉ ሥዕል አሳድጎ በሰከንድ 50 ሥዕል ያወጣል፤ አቪሲንዝ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ኪውቲጂኤምሲ የሚባለው አሠራር ይህን በደንብ ያደርገዋል። ለእኔ ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? በሁለት ፍሬም ተጨናንቆ የነበረው ድል አራት ከግማሽ ሥዕል ሆነ። የኃይሌ ደረት ሲቀድም አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ታዩታላችሁ። ቪዲዮው ውስጥ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተደርቦ ተቀምጦ ነው።

ከዚያ ቀለሙን ከብርሃኑ ለይቼ አጸዳሁት። በቪኤችኤስ ካሴት ላይ ቀለም የሚቀዳው በጣም በደከመ ሁኔታ ስለሆነ የሚዋኘውና የሚፈላው አብዛኛው ረብሻ እሱ ነው። ዓይናችን ደግሞ የቀለምን ዝርዝር እንደ ብርሃኑ አጥብቆ አያይም። ስለዚህ ቀለሙ ላይ ጠንከር ብትሉ አትጎዱም፤ መሙ ረጋ፣ መስመሮቹ ነጭ ሆኑ። ብርሃኑ ላይ ግን በስሱ፣ እንደ ሰፌድ እንጂ እንደ ወንፊት አይደለም። ከታች የቀረችውን የሄድ መቀያየሪያ ጭረት በጥቁር ሸፈንኳት። ሥዕሉን ስል ማድረግ መጨረሻ ላይ፣ ያውም ጥቂት፤ ረብሻ ሳይቀንስ ሥዕል ስል ለማድረግ የሞከረ ሰው ስል የሚያደርገው ረብሻውን ነው።

ወደ ኤችዲ ላሳድገው የሚል ፈተናም መጣብኝ። ቪኤችኤስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚይዘው 240 መስመር ያህል ዝርዝር ነው፤ የሌለውን ማምጣት አይቻልም። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፊት አጥርቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ሞክሬዋለሁ። ፊቱ ጠራ፤ ግን የኃይሌ አይደለም። ማንም ያልሆነ ሰው ፊት ነው። አጠፋሁት። የአጎቴ ካሴት ላይ ያለው ደብዛዛ ኃይሌ፣ ከተፈጠረው ጥርት ያለ እንግዳ ይበልጥብኛል። ራሳችንን ስናሻሽልም ይህን ፈተና እናገኘዋለን። እንደ እገሌ ካልሆንኩ ብሎ የራሱን ድምፅ፣ የራሱን አነጋገር፣ ከእናቱ የወረሰውን ጠባይ አጥቦ የሚጨርስ ሰው አይቼ አዝናለሁ። ጥራት ሌላ ሰው መሆን አይደለም፤ ያለው ሰው በደንብ እንዲታይ ማድረግ ነው።

አሁን የእናንተ ተራ ነው፤ በተለይ የአገና፣ የእምድብር፣ የአረቅጥ፣ የቡታጅራ ወጣቶች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በመደበኛነት በቀለም ማሳየት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከቴሌቪዥን የቀዳው ድራማ፣ ዘፈን፣ ሩጫ፣ ከካሜራ የተቀዳ ሠርግና ምርቃት በየሳጥኑ ተቀምጧል። ዴክ ግን ከእንግዲህ አይሠራም፤ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አቁሟል። ያለው ያለው ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይቀንሳል። ክሩም ቢሆን ዘላለም አይኖርም።

ይህ ለእናንተ የተከፈተ በር ነው! አንድ የተጠገነ ዴክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ንጹሕ ገመድና ትዕግሥት። ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው። መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭ አገርም ልጆች ይገባሉ፤ የእናቱን ሠርግ ማየት፣ ያረፉ አባቱን ድምፅ በእጁ ስልክ መስማት የማይፈልግ ልጅ የለም። ሥራ የለም ከምትሉ ጠረጴዛ አውጡ። መጀመሪያ በራሳችሁ ቤት ካሴት ተለማመዱ። የሰው ካሴት ስትቀበሉ ደግሞ እንደ አደራ ያዙት፤ ዴካችሁ አንድ ጊዜ ክሩን ቢበላው የአንድ ቤት ትዝታ ነው የሚበላው። የመጀመሪያው አያምርም። የእኔም አላመረም። ሁለተኛው ይሻላል፣ አሥረኛውን ሰው ይከፍልበታል።

አጎቴ አሁን መርካቶን ትተው አገና ገብተዋል። ባለፈው መስቀል ግቢያቸው ውስጥ፣ ጀፎረ ከሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ዳር፣ ነጭ አንሶላ ወጥረን በፕሮጀክተር አሳየናቸው። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ቴርጋት ሲፈተለክ ውጤቱን የሚያውቁት ሁሉ እንዳላወቀ ሰው ተነሡ። መስመሩ ላይ ስንደርስ ቀስ አደረግኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። የኃይሌ ደረት ቀደመ።

ሥዕሉ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቀርቷል፤ ሰማዩ ላይና የተመልካቹ ጥቁር ክፍል ላይ ይታያል። «ይህችን ደግሞ ትንሽ ልቀንሳት እችላለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተወው!» አሉ ሳይዞሩ። «ጠርቷል። እንዳትነካው።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና፣ ካሴት እንደሌለ ፈጽሞ ረስተው፣ «እስቲ አጠንጥነው» አሉኝ።